ጽዋው እኛ ቤት ነው

ደብረ ታቦር
ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለተስፋነህ፣

እንደምን ሰነበትክ? የጣራ ገዳም ብርድ ጉልበትህን አልጀመረውም? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጥቁሯ ላማችን በሰላም ወልዳለች። ስልክህን ትራስህ ሥር ጥለህ ስለሄድክ ደብዳቤ መጻፍ ግድ ሆነብኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ጠመኔ የያዘ እጅ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

የንስሐ አባታችን መምሬ ይርዳው «ልመንኩስ» የሚለውን መልእክትህን አድርሰውልኛል። አበምኔቱ «ሚስቱ ከልቧ ካልፈቀደች ቆብ አናስደፋውም» ብለዋል አሉኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ እሳቸው እንኳ ሚስት እንዳለችህ አልረሱም። ያን ዕለት ተናድጄ «ይመንኩስ፣ ምን ገዶኝ» ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መምሬ ይርዳው ግን በቁጣ የተሰጠ ፈቃድ ፈቃድ አይባልም፣ እደሪበት ብለውኝ ሄዱ። አድሬበት ነው ዛሬ የምጽፍልህ።

መቼም የኅዳር ሚካኤሉን አልረሳኸውም። ያቺ ከሆሳዕና የመጣች የዩኒቨርሲቲ መምህርት፣ ዓይናለም፣ ማኅበራችን ልግባ ብትል፣ አንተ የማኅበሩ ሙሴ ነህና «እንግዳ ናት፣ ነገ ትሄዳለች» ብለህ መለስካት። ታናሽ ወንድምህ ይርጋ በሰው ፊት «ጽዋው የሚካኤል ነው እንጂ ያንተ አይደለም» አለህ። አንተም ለአንድ ሳምንት ሱባኤ ብለህ ወጥተህ ይኸው ከሁለት ወር በላይ ሆነህ።

ማኅበር ያለ መሪ አይሆንም ብለው በወንበርህ ላይ ማንን እንዳስቀመጡ ብትሰማ ትስቃለህ። እኔን ነው። እማሆይ አሰለፈች «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» እያሉ ሲያጉረመርሙ ሰነበቱ፤ በታኅሣሥ አርፍደው ቢመጡ እንደ ማንም ሰው ጧፍ ቀጣኋቸውና ከዚያ ወዲህ አመኑኝ። ዓይናለምንም አስገባናት። አሁን ዝክሩ ከመቅረቡ በፊት ወንጌል ይነበባል፣ አንብባ የምትጠይቀንም እሷ ናት። እኔ ስንት ዘመን ቀምሼና ጠጥቼ ብቻ ስመለስ ኖሬያለሁ። ዘንድሮ የሰማሁትን ቃል ይዤ እገባለሁ፣ ሳስበውም አድራለሁ። ጸሎቴም ረዘም ብሏል። አንተ ስለሌለህ እንዳይመስልህ፤ ደግሞ እሱም አለበት።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ጥር ሚካኤል ዕለት ታቦቱን ሸኝተን እንደተመለስን ማኅበሩ ተሰበሰበ። ጽዋውን ተረክቦ የካቲትን የሚደግሰው ይርጋ ነበር። እንደ ደንቡ ተነሥቼ የተጣላ ሰው አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሁልጊዜ ዝም ተብሎ ነው የሚታለፈው። ይርጋ ግን ጽዋውን ሳይነካ ቆመ።

«እኔ አለሁ፣ እትዬ» አለ። «ከወንድሜ ሳልታረቅ ሚካኤልን ቤቴ አላስገባም።»

እልል ሊል የተዘጋጀው ሁሉ አፉን ያዘ። ዓይናለም በእኔ የተነሳ ነው፣ እኔ ልቅር ብላ ስታለቅስ እጇን ይዤ አስቀመጥኳት። ከዚያ ጽዋውን ራሴ አንሥቼ ወደ ቤት አመጣሁት። ነጭ ልብሱን እንደለበሰ ከሥዕሉ ሥር ተቀምጧል። አንተና ይርጋ እስክትታረቁ ከዚህ የትም አይሄድም።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ገዳም የደረስክ ቀን መነኮሳቱ «እንግዳ ነህ፣ ነገ ትሄዳለህ» ብለው መለሱህ? እግርህን አጥበው ነው አሉ የተቀበሉህ። እግዚአብሔርን ፍለጋ መሄድህን አልነቅፍም። ወንድምህን ሸሽተህ ከሆነ ግን ጫካው አይደብቅህም። በሰገድክ ቁጥር ፊትህ የሚመጣው እሱ ነው፤ እኔ አውቅሃለሁ።

ስለዚህ ፈቃዴን በሰው እጅ አልልክም። የካቲት 12 ረቡዕ ይውላል። መንገዱ ሰላም ከሆነ ከወረታ የሚነሳው ሚኒባስ ለምሳ ያደርስሃል። ጽዋውን አንተው ተሸክመህ ይርጋ ደጅ ታደርሳለህ፣ እኔ ከኋላህ እልል እላለሁ። ከአንድ ማዕድ ትበላላችሁ። ዓይናለምንም ይቅርታ ትጠይቃታለህ። ከዚያ ቤታችን ግባና ዓይን ዓይኔን እያየህ «ልመንኩስ ወይ?» ብለህ ጠይቀኝ። ከታረቅህ በኋላም ልብህ እዚያው ከሆነ አላስቀርህም፤ ስንቅህን ቋጥሬ እስከ አዲስ ዘመን ከተማ እሸኝሃለሁ። በአምላክ ፊት የገባሁት ቃል ነው፤ ቀላል ሆኖልኝ ግን አይደለም። ናፍቀኸኛል፣ ተስፋነህ።

ማኅበርተኛው ሁሉ፣ እማሆይ አሰለፈችም ጭምር፣ ሰላም ብለውሃል። ይርጋ ሰላም በይልኝ አላለኝም፤ ግን ይህን ስጽፍ በር ላይ ቆሞ ጨርሰሽ ወይ ሲለኝ ሁለተኛው ነው። መውጣት መግባትህን ሚካኤል ይጠብቀው፣ ልብህንም ያለስልስልህ።

ያንተዋ ውባንተ
(አንተ እስክትመጣ ሙሴ)

የረሳሁት፦ ላማችን ወተቷ ተትረፍርፏል። የምትመጣው በጾም ቀን ስለሆነ እርጎውን የምትጠጣው ሐሙስ ጠዋት ነው።