የፅናት ቤተ ሙከራ በኦሬንጅ ፋርም

ጥር 2014 ዓ.ም.፣ ኦሬንጅ ፋርም ሰፈር፣ ጆሃንስበርግ

ውድ እህቴ ኤርጎጌ፣

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ፤ በስልክ ልነግርሽ ያልደፈርኩትን ልጽፈው ነው። ልጄ ፅናት ትምህርት ቤት ትሄዳለች እያልኩ ሁለት ዓመት ሙሉ ዋሽቼሻለሁ።

በኮሮና ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ መጽሐፎቿን ይዛ እኔ ሱቅ ገባች። ሲከፈቱም፣ «አባዬ፣ ፕሊስ አትመልሰኝ። እዚሁ አጥንቼ በግል እፈተናለሁ፤ ዩኒቨርሲቲም እገባለሁ» አለችኝ። እሺ ያልኩት ለእሷ ብዬ ብቻ አልነበረም፤ ደንበኛ የሚያስተናግድልኝ ሰውም ፈልጌ ነበር። ሆሳዕና ላይ ሠላሳ ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማርሽ አንቺ፣ ወንድሜ ልጁን ባንኮኒ ላይ አቆማት ብለሽ እንዳታዝኚብኝ ፈራሁ።

እሷ እቴ! ኮምጣጤዬንም ቤኪንግ ሶዳዬንም ከመደርደሪያ እያነሳች ጨረሰችው። አንድ ቀን የቀይ ጥቅል ጎመን ውሃ በብርጭቆ ደርድራ ኮምጣጤ ስታንጠባጥብበትና ቀለሙ ሲቀያየር፣ ደንበኛችን አሮጊቷ ጎጎ ቴምቢ በሱቁ የብረት ፍርግርግ አየቻትና፣ «ሀይቦ! ይቺ ልጅ መድኃኒት መቀመም ጀመረች እንዴ?» ብላ ዳቦዋን ሳትወስድ ሄደች።

ጭንቄ አንድ ነበር። ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ውጤት ይፈልጋል፤ ፈተናው ደግሞ በወረቀት ብቻ አያልቅም፣ ቤተ ሙከራ ገብታ በእጇ መሥራት አለባት። ፅናት የቤተ ሙከራ ዕቃ በዓይኗም አይታ አታውቅም። አራት ትምህርት ቤቶች ወረርሽኙን ፈርተው የውጭ ተፈታኝ አንቀበልም አሉን፤ አምስተኛው እሺ አለ። የፈተናው ቀን ማስኬን አድርጌ ከበሩ ውጭ ተገተርኩ። ስትወጣ እንዴት ነበር ብላት፣ «አባዬ፣ የእነሱ ብርጭቆ እኮ ይቀላል፤ ቁጥር ተጽፎበታል!» አለችኝ።

ሰኞ ውጤቷ መጣ፤ ኬሚስትሪ ኤ። ዛሬ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ለኬሚካል ምህንድስና ተቀበላት። ሱቄን በጠራራ ፀሐይ ዘግቼ አለቀስኩ። ኮራሁ፣ እህቴ፤ ሰው በኩራት እንዲህ እንደሚያለቅስ አላውቅም ነበር።

የቤት ሥራ አስቸገረኝ እያለች በድምፅ መልእክት ስትጠይቅሽ፣ አንቺ ማገዝሽ ብቻ መስሎሽ ነበር። ሌላ አስተማሪ አልነበራትም። የማመልከቻ ቅጹ ላይ የተማርሽበት ትምህርት ቤት ለሚለው «ቤት» ብላ ሞላች። የኬሚስትሪ መምህር ስም ለሚለው ግን ያንቺን ስም እስከ አያታችን ድረስ ጻፈች።

ለውሸቴ የፈለግሽውን ያህል ተቆጪኝ። ተማሪሽን ግን ዛሬውኑ ደውለሽ እንኳን ደስ አለሽ በያት።

ታናሽ ወንድምሽ
ዱካሞ