ሐኪሙ እኔንም ጠይቆኝ ነበር

ውድ እማዬ፣

በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቴም ስለ ዝናቡና ጓሮሽ ስለተከልሽው ቦዬ ብቻ አውርተን ዘጋሁት። እንግዲህ ልጻፈው።

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት ከአእምሮ ሕክምና ክፍላችን ወደ ቀዶ ሕክምና ዋርድ በሩጫ ጠሩኝ። በሽተኛው ኤርካሎ የሚባሉ የሁምቦ ገበሬ ናቸው፤ ከጋሪ ወድቀው የተሰበረ ክንዳቸው ኦፕራሲዮን ከተደረገ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ስደርስ የግሉኮስ ማንጠልጠያውን ብረት በደህናው እጃቸው ይዘው ጥግ ላይ ቆመዋል። መርፌው ከተነቀለበት ደም ይንጠባጠባል፤ ልብሳቸው በላብ ርሷል። ሌሎቹ በሽተኞች አልጋቸው ላይ ተኮራምተዋል። ሁለት ጥበቃዎች ገመድ ይዘው ይጠጓቸዋል። ከቤተ ክርስቲያናቸው የመጡ ወንድሞች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጸልያሉ።

የዋርዱ ነርስ ዘላለም «ያንቺ በሽተኛ ነው፣ ውሰጂልን። እብደት የኛ ሥራ አይደለም» አለኝ።

ጥበቃዎቹን ገመዱን አስጣልኳቸው፤ ወንድሞችን ኮሪደር ላይ ሆነው እንዲጸልዩ ለመንኳቸው። የኤርካሎን መውጫ ሳልጋርድ ወደ ጎን ቆሜ ባዶ እጆቼን አሳየኋቸውና በወላይትኛ ቀስ ብዬ ተናገርኩ።

«አባባ፣ ባርኮት እባላለሁ፤ ነርስ ነኝ። ምን መጣብዎ?»

«ጉንዳን! ወረረኝ፤ አራግፉልኝ!»

እማዬ፣ ይህን ቃል ታውቂዋለሽ።

«እኔ አይታየኝም። እርስዎን እንዳስፈራዎ ግን አያለሁ። ቁጭ ይበሉና እግርዎን አብረን እንየው።»

ብረቱን ወዘወዙት፤ ጆሮዬን ታክኮ አለፈ። አልተንቀሳቀስኩም። ስማቸውን ደጋግሜ ጠራሁ። በመጨረሻ ደክሟቸው እየተንቀጠቀጡ ተቀመጡ፤ ብረቱንም ዘላለም ተቀበላቸው።

ባለቤታቸውን እማማ አሳየሽን ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ወሰድኳቸው።

«ባለቤትዎ መጠጥ ምን ያህል ይጠጣሉ?»

«እንዴ! የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው እኮ!» አሉና ወንድሞችን ሰረቅ አድርገው አዩ።

ያችን አስተያየት አውቃታለሁ። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት አባዬ ኦፕራሲዮን በተደረገ በሦስተኛ ቀኑ «ጉንዳን!» እያለ ሲጮህ፣ ሐኪሙ «ይጠጣ ነበር?» ሲልሽ፣ አንቺም እንዲሁ ወደ ጸሎት ወንድሞች አይተሽ «በጭራሽ» አልሽ። እጁን በነጠላሽ አሰርነው። በማግስቱ ሞተ። ሰው ሁሉ «ሰይጣን ነው የያዘው» አለ፤ እኛም ዝም አልን።

የማታውቂው ይሄን ነው፦ ውኃ ልታመጪ ስትወጪ ሐኪሙ እኔንም ጠይቆኝ ነበር። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። አረቄውን በዘይት ጠርሙስ እየገዛሁ የማመጣለት እኔ ነበርኩ፤ «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» ይለኝ ነበር። ሐኪሙን «አይጠጣም» አልኩት።

ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ለእማማ አሳየሽ ነገርኳቸው። ለወንድሞች ጀርባቸውን ሰጡ።

«ከእንሰቱ ሥር ይደብቃል» አሉ በመጨረሻ። «በየቀኑ ነው። እዚህ ከገባ ግን ጠብታ አልቀመሰም።»

«ያመማቸው እሱ ነው፤ ሰውነታቸው የለመደውን አጥቶ። እብደት አይደለም፣ ሰይጣንም አይደለም። መድኃኒት አለው፤ ዝም ካሉት ግን ይገድላል።»

«ካርዱ ላይ አትጻፊው፣ ልጄ።»

«እጽፈዋለሁ፤ የሚያክማቸው ሁሉ ማወቅ አለበት። ለወንድሞች ግን ከአፌ አይወጣም።»

የዋርዱ ሐኪም የሚያረጋጋ መርፌና ቫይታሚን አዘዘ። ሁለት ቀን ሙሉ ትንፋሻቸውን እየቆጠርን አጠገባቸው ተፈራረቅን፤ ዘላለምም ጭምር። ሐሙስ ከሰዓት ዓይናቸው ጠርቶ «ልጄ፣ መታሁሽ እንዴ?» አሉኝ። «አልመቱኝም» ብዬ ወጣሁና ልብስ መቀየሪያችን ውስጥ ተደብቄ አለቀስኩ።

እማዬ፣ ከአእምሮ ሕሙማን ጋር መሥራት ለምን መረጥሽ ስትዪኝ «የደረሰኝ ትምህርት ነው» እልሽ ነበር። ዋሽቼሽ ነው። የአባዬ ሕመም መድኃኒት እንዳለው ኮሌጅ ውስጥ የተማርኩ ቀን ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ። ላንቺ መንገር ግን ፈራሁ። አባዬ ምናልባት ይድን ነበር። አንቺም ይህን ጠርጥረሽ፣ ብቻዬን ነኝ የዋሸሁት ብለሽ እነዚህን ሁሉ ዓመታት ተኝተሽ እንደማታውቂ እገምታለሁ። ብቻሽን አልነበርሽም።

ቅዳሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ አረካ እገባለሁ። ከፈለግሽ ጩኺብኝ። ዝም ካልሽም አብሬሽ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ፤ አባዬ ይጠጣ ነበር ብለን አንድ ጊዜ ጮክ ብለን ሳንናገር ግን አልመለስም።

ልጅሽ ባርኮት
ሶዶ