ሪባን የሚጠብቅ ድንች

ለተከበሩ የከተማችን የገበያ ጉዳይ ኃላፊ
ቢቸና

በቅድሚያ ለእርስዎም ሆነ በኪስዎ ለሚያድረው ቁልፍ ሙሉ ጤና እንመኛለን። እርስዎን ጉንፋን ቢይዝዎ እንኳ ቁልፉን ማን ያስታምመዋል እያልን እንጨነቃለን።

እንደሚያስታውሱት፣ በከተማው ዙሪያ ያለን ገበሬዎች በደቦ ድንጋይ ተሸክመን የጋራ የምግብ ማዕከል ሠራን። ድንችና ሽንኩርታችን እዚያ ሳይበላሽ ቆይቶ፣ ያለ ደላላ ለተማሪዎች ምሳና ለከተማው ነዋሪ እንዲደርስ ነበር ሐሳባችን። ምርቱን አስገብተን ላባችንን ሳንጠርግ እርስዎ ደርሰው፣ የክብር እንግዳ ሳይመርቀው አይከፈትም በማለት በሩን ቆልፈው ቀይ ሪባን ስላሰሩበት እያመሰገንን፣ ጥቂት ቅሬታዎቻችንን እናቀርባለን።

፩. እንግዳው መጡ በተባለ ቁጥር የዕድራችንን ድንኳን እንተክላለን፤ ቀሩ ሲባል እንነቅላለን። ባለፈው መሪጌታ አካለ ወልድ ድንኳኑን ከሩቅ አይተው ሰው የሞተ መስሏቸው እያለቀሱ መጡ። የሞተ ሰው እንደሌለ፣ የታሰረው ድንች መሆኑን ስንነግራቸውም ለቅሶውን አላቋረጡም።

፪. ደላሎች ዕድሜዎን ያርዝመው ይላሉ። በማሳ ላይ የቀረውን ሽንኩርታችንን በአይሱዙ ጭነው፣ ሞጣን አሳልፈው ባሕር ዳር ካደረሱት በኋላ መልሰው ለእኛው ይሸጡልናል። ሽንኩርቱ ከእኛ የበለጠ አገር አየ። የእኛን አይተው መሠረት የጀመሩት የሞጣ ገበሬዎችም ሪባን ፈርተው ድንጋያቸውን እንደቆለሉ ቀርተዋል።

፫. ወይዘሮ ይርጋነሽ ባል የሞተባቸው ጎረቤቴ ናቸው። ለዘር የመረጡት ድንች ሳይቀር ውስጥ ነው። ዝናቡ ማጉረምረም ጀምሯል፣ ማሳቸው ታርሶ ባዶውን ተኝቷል። በየማለዳው መጥተው አፍንጫቸውን ከበሩ ስንጥቅ ላይ ያደርጋሉ፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የሚሸታቸው ዘር አይደለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። እዚህ ላይ ጽሕፈቴ ቢበላሽ ከንዴት ነውና ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ለትዕግሥታችን አስተማሪ ስለሆኑልን ከልብ እያመሰገንኩ፣ ከተቆለፈው በር ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ እንደተቀመጥኩ በታላቅ ትሕትና እጅ እነሳለሁ።

ጥሩአየሁ ባየ
ድንች አምራችና በር ጠባቂ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ የወይዘሮ ይርጋነሽ ፍየል ሪባኑን በጥርሷ ቆርጣ በላችው፤ የተሰበሰበውም ሰው አጨበጨበ። ንግግር አላደረገችም፣ አበልም አልጠየቀችም። እንግዲህ ማዕከሉ ተመርቋልና እርስዎ መምጣት አያስፈልግዎትም፤ ቁልፉን ብቻ ይላኩልን።