ቢሊሴ እጇን ከአፏ ያወረደችበት ቀን

የምስራችዬ፣ ዛሬ እንደ ስምሽ የሆነ ወሬ ይዣለሁ። አምና በብሎጌ ያነሳሁት ሰፈር ተመልሼ መጥቻለሁ፤ ከአዳማ በባጃጅ ግማሽ ሰዓት ነው። ሰዎቹ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው እንደሚሸፍኑ ነግሬሽ የለ? እኛ ደብረ ብርሃን አፋችንን በጋቢ የምንጠቀልለው ለብርዱ ነው፤ እነሱ ግን የጉድጓዱ ውሃ ከልጅነታቸው ያበለዘውን ጥርሳቸውን ነው የሚደብቁት።

መጀመሪያ «ፍሎራይድ በመጠጥ ውሃ ውስጥ» ብዬ ስጽፈው ዘጠኝ ሰው አነበበው። አንቺ «ይሄማ የፈተና ጥያቄ ነው» ብለሽ ርዕሱን «ስትስቁ አፋችሁን ለምን ትሸፍናላችሁ?» አልሽው። ከዚያ በኋላ «እኔም እሸፍናለሁ» የሚል ሰው ከየከተማው ጎረፈ፤ የውሃ ቢሮዎቹም ዝም ማለት አቃታቸው።

ይኸው ዛሬ ንጹሕ ውሃ የሚያመጣው ቦኖ ተከፈተ። አምና አፏን እንደሸፈነች ፎቶ ያነሳኋት ቢሊሴ ጀሪካኗን ሞላችና «አሁን ሙሉ ፊቴን አንሺኝ» አለች። እጇን አውርዳ ሳቀች። «የኔ ጥርስ እንደሆነ አይመለስም» አለችኝ፣ ያዘለቻትን ሕፃን እያሳየችኝ። «የዚህች ግን ገና አልበቀለም።»

ፖስት ካርዱ ሞልቶብኝ ጠርዝ ጠርዙን እየጻፍኩ ነው። እትዬ አስካለን ሳሚልኝ። ቢሊሴም «ገለቶሚ» ብላሻለች፣ አመሰግናለሁ ማለቷ ነው። ፎቶዋን ብሎጉ ላይ አድርጌዋለሁ፤ የርዕሱን ቦታ ግን ባዶ ትቼልሻለሁ።

መስከረም