ቺፖቻችንን በእንክብካቤ ለጨረሱልን የንብረት ክፍል ኃላፊ

ይድረስ ለተከበሩ የወሊድ ክሊኒካችን የንብረት ክፍል ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ሁሉን ካልዳሰሱ የማያርፉት ጣቶችዎ እንደምን አሉ? እኔ የመሣሪያ ጥገና ሠራተኛዎ፣ ደስታዬ ከአቅሜ በላይ ሆኖ ከወንበሬ እየተነሣሁ እየተቀመጥኩ፣ ይህን ምስጋና በአደባባይ አቀርብልዎታለሁ።

እንደሚያስታውሱት የአልትራሳውንዱ ስክሪን ዝንብ የወረረው መስሎ ቆይቶ ጭራሽ ጨለመ። የተበላሸው ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ ነበር። በጥንድ ሽቦ ምስል ተሸክሞ በፍጥነት የሚሮጠው ሲግናል መንገድ ላይ ሲደክም፣ ቺፑ ተቀብሎ ያጠራዋል፤ ስክሪኑ በሚቀበለው የኤሌክትሪክ መጠን ለውጦና አበርትቶ ያሳልፈዋል። ያለ እሱ ጽንስ ማየት የለም። ካልታዩት እናቶች አንዷም ዘጠነኛ ወሯን የያዘችው ባለቤቴ ነበረች፤ ሐኪሟ ሆዷ ከልክ በላይ ስለገፋ በአስቸኳይ መታየት አለባት ብላ ነበር።

አዳዲሶቹ ቺፖች መጡ፤ የገቡት ግን እርስዎ እጅ ነው። ስለዚህ አመሰግናለሁ፦

አንደኛ፦ ከረጢታቸው ላይ በባዶ እጅ እንዳይነኩ የሚያስጠነቅቅ የተሰረዘ እጅ ሥዕል ነበር። እርስዎ ግን ተፈትቶ ያልተቆጠረ ዕቃ ንብረት አይባልም በሚለው ጽኑ መመሪያዎ መሠረት አንድ በአንድ አውጥተው፣ በሱፍ ሹራብዎ እጅጌ ወልውለው ቆጠሯቸው። ከሱፍና ከጣት የሚዘል የማይታይ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ቢገድላቸውም፣ በዚያ ሁሉ ፍቅር መካከል መሞታቸው ያስቀናል። «አላዋቂ ሳሚ» የሚለውን ተረት እንዳልጨርስ አክብሮቴ ይከለክለኛል።

ሁለተኛ፦ ወንበርና ጠረጴዛ ላይ የሚለጠፈውን የንብረት ቁጥር በየቺፑ ላይ ለጥፈዋል። ስረከብ ያየሁት ቁጥር ብቻ ነው፤ ገልብጬ ስፈልግ እግሮቻቸው ሙጫ ጠጥተው ተጣምመዋል። ሳቄ አልቆም ብሎ ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ። ለባለቤቴ ስነግራት ግን አልሳቀችም፤ «ታዲያ እኔ ልጄን የማየው ሰውዬው ሙጫ ሲጨርስ ነው?» አለችኝ። ያኔ እኔም ፈራሁ፣ አልደብቅዎትም።

ሦስተኛ፦ ሌላ እንዲገዛ ብለምን፣ ያሉት በቁጥር ሙሉ ናቸው ብለው መለሱልኝ። እውነትዎን ነው፤ ከሬሳዎቹ አንድም አልጎደለም።

ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ ምጡ መጣ። ሐኪሟ በእጇ ዳብሳ፣ በጆሮዋ አዳምጣ አዋለደቻት። ሴት ልጅ! አቀፍኳት፣ አለቀስኩ፣ ለእናቴ ደወልኩ። ስልኩን ሳልዘጋ ሐኪሟ «አባት፣ ቆይ እንጂ፣ ገና ነው» አለች። ወንዱ ተከተለ! ያዘጋጀነው አንድ አልጋ፣ አንድ ብርድ ልብስና አንድ ስም ነበር። ተመስገን፣ እናትና ልጆች ሦስቱም ደህና ናቸው፤ ልጁ በሥራ ጋውኔ ተጠቅልሎ ተኝቷል። እናቴ እስካሁን ሁለተኛውን አላመነችኝም። ይህን የመሰለ ድንገተኛ ደስታ ያለ እርስዎ ከየት ይገኝ ነበር?

በእንቅልፍ እጦት እየተንገዳገደ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሳዎት፣
የሁለት ልጆች አባት የሆነው የጥገና ሠራተኛዎ

ማሳሰቢያ፦ ትልቋ ልጅዎ መፀነሷን ሰምቻለሁና እንኳን ደስ አለዎት። ሰኞ ለምርመራ ቀጠሮ ይዛለች። ስክሪኑ አሁንም ጨለማ ስለሆነ ጽንሱ እንዴት እንዳለ ማየት አንችልም። ምክንያቱን ከእኛ ይልቅ ከአባቷ አፍ ብትሰማው ይሻላል።