ቀፊራ የሚሸጠው ስሜ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለእትዬ በለጠች፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ? ብርድ ሲገባ የሚነሣብሽ ሕመም ዘንድሮ ማረሽ ወይስ እንዳምናው ከምድጃ ዳር አላስነሣ ብሎሻል? አባባስ እንዴት ናቸው? ዓይናቸው ትንሽ ያዘላቸው? ጋሽ ክፍሉስ? ልጆችሽስ ፈተናውን እንዴት ተወጡት? እዚህ ሁላችንም ፈጣሪ ይመስገን ቆመናል፤ ሙቀቱ ግን ሊያቀልጠን ነው። እናንተ ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ በጋቢ ስትደርቡ እኔ ድሬዳዋ ላይ አንሶላውን ውሃ ነክሬ ነው ልጄን የማስተኛት። እሷም አድጋለች፤ ከመሮጥ በቀር መሄድ የሚባል ነገር አታውቅም።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ ብዙ ጊዜ አንሥቼ ተውኩት። ቤታችን አንድ ክፍልና አንድ መጋረጃ ነው፤ ኃይለየሱስ ሥራ ላይ ያቀረቀረ ሲመስል ጆሮው እኔ ጋ ነው። ጎረቤታችን እናቷን ልትጠይቅ ወደ እናንተ እንደምትመጣ ስሰማ ወረቀት አወጣሁ። አደራሽን አባባ እጅ እንዳይገባ። እትዬ፣ ቅናት ይዞኛል። ሳቂ፣ ግድ የለም። የሰው ቀሚስ አምሮኝ የማያውቅ እኔ፣ በባሌ ቀንቼ ቀፊራ ገበያ መሀል ጉድ ሆኛለሁ።

የባሌን የኃይለየሱስን አመል ታውቂያለሽ። በሠርጋችን ቀን ድምፅ ማጉያው ሲበላሽ ካልፈታሁት ብሎ፣ ሚዜዎቹ ሱሪው አቧራ ለብሶ ከጠረጴዛ ሥር ጎትተው ያወጡት ሰው ነው። ቀን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያስገባና ሲያስወጣ ይውላል። ቤት ሲገባ ደግሞ የሞተ ሬዲዮና የተቃጠለ ቻርጀር ይፈታል። መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ማራገቢያ ከአሮጌ ኮምፒውተር ሠርቶ ለጎረቤት ሁሉ አድሏል። ዋጋ መጥራት ያሳፍረዋል፤ አመስግነውት ሲሄዱ ለእሱ በቂው ነው።

አራስ በነበርኩ ጊዜ ደግሞ ለእኔ አንድ ነገር ሠራልኝ። እዚህ ውሃ በፈለገው ሰዓት ነው የሚመጣው። መምጣቱን ካልሰማሽ በርሜልሽ ባዶ ያድራል፣ ከዚያ የጋሪ ውሃ ለምኖ መግዛት ነው። እኔ ደግሞ ልጅ ታቅፌ ተኝቼ ግቢ ያለውን ቧንቧ እንዴት ልጠብቅ? አንድ ቀን ውሃው መጥቶ መሄዱን ሳውቅ አለቀስኩ። እሱ በማግሥቱ ከተሰበረ የልጅ መጫወቻ ውስጥ እንደ ወፍ የሚንጫጫውን ድምፅ አውጥቶ ከስልክ ባትሪ ጋር አገናኘው፣ ባዶ የቅባት ዕቃ ውስጥ ከተተውና ሁለት ሽቦ ወደ ቧንቧው ሥር ዘረጋ። ውሃው ሽቦዎቹን ሲነካቸው ያ ነገር መንጫጫት ጀመረ። «ስሙ ወፌ ነው» አለኝ። እትዬ፣ ወፌ የሚለው እኔን ነው። ገና ሲያጨኝ ጀምሮ ለብቻችን ስንሆን የሚጠራኝ ነው፤ ለአንቺም ዛሬ ገና መንገሬ ነው። ወርቅ ቢያጠልቅልኝ እንደዚያ ደስ አይለኝም ነበር።

አሁን ወደ ሂቦ ልምጣ። ሂቦ ቀፊራ አምፖልና ሽቦ የምትሸጥ የሶማሌ ሴት ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም፣ በአንደበቷ ግን ገበያውን ሁሉ ትበልጣለች። ኃይለየሱስ ሽቦ የሚገዛው ከእሷ ነው። ያን ዕቃ ማብሪያ ማጥፊያ ሊያስገባለት ይዞት ሄዶ ሱቋ ውስጥ ሲሞክረው ተንጫጫ። ሂቦ ምንነቱን ጠይቃ ስትረዳ፣ ወዲያው ለአክስቷ ቤት አንድ አሠራች። አክስቷ ለጎረቤቶቿ አወራች። ሂቦም ሽቦውንና ባትሪውን እኔ ላቅርብ፣ አንተ ሥራ፣ የተገኘውን እንካፈል አለችው። እኔም ደስ ብሎኝ እሺ በል ያልኩት ራሴ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገር የመጣው። ከመጋዘን ሲወጣ በቀጥታ ወደ ሱቅ ሆነ። ቤት ሲገባ ሸሚዙ የሶማሌ ሴቶች ልብስ የሚያጥኑበትን ዑንሲ ይሸታል። ምግብ አቀርባለሁ፣ «ሂቦ ጋ ቀምሻለሁ» ይለኛል። ስለ ሥራው ስጠይቀው መልሱ «ሂቦ እንዲህ አለች፣ ሂቦ እንዲህ አደረገች» ነው። አንድ ቀን ምሳ ልወስድለት ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው በሶማሊኛ ያወራሉ። እሱ ድሬ ተወልዶ ያደገ ነው፣ ቋንቋው አፉ ላይ ይጣፍጣል፤ እኔ ግን ከሰላምታ አላልፍም። እንዴት እንደሚስቁ ብታዪ! እንባው እስኪመጣ ይስቃል። ከእኔ ጋር እንደዚያ የሳቀበትን ቀን ለማስታወስ ሞከርኩ። ሲያዩኝ ሳቁን አቆሙ። እትዬ፣ ከሳቁ ይልቅ ማቆማቸው ነው አንጀቴን የቆረጠው።

ቢሆንም ችዬ ነበር፤ ካርቶኑ እስኪመጣ ድረስ። ሥራው ሲሰፋ ሂቦ ማሸጊያ አሳተመች። ኃይለየሱስ እንደ ልጅ ደስ ብሎት አንዱን ይዞልኝ መጣ። አንዲት ቢጫ ወፍ ተስላበታለች፣ ከሥሯ በትልቁ «ወፌ» ይላል። ባሌ በጆሮዬ የሚለኝን ስም ማንም አላፊ አግዳሚ ቀፊራ ገብቶ «አንድ ወፌ ስጪኝ» ሊል ነው! «ምነው፣ አላማረሽም?» አለኝ።

በማግሥቱ ልጄን አዝዬ ባጃጅ ተሳፍሬ ሄድኩ። ሱቁ በሰው ተሞልቷል። አንድ ካርቶን አንሥቼ መሬት ላይ ወረወርኩትና «ስሜን ሸጥሽው፤ ባሌን ደግሞ መቼ ነው የምትሸጪው?» አልኳት። አንዲት ባልቴት «አስተግፊሩላህ» ሲሉ ሰማሁ። ኃይለየሱስ ከጓዳ ወጥቶ መሬት መሬት ያያል። ሂቦ ጎንበስ ብላ ካርቶኑን አነሣችና በሻሿ ጫፍ አቧራውን ጠርጋ ቦታው መለሰችው። ሰድባኝ ቢሆን ኖሮ በወጣልኝ።

የዚያን ዕለት ባሌ መፍቻውንና መበየጃውን በማዳበሪያ ጠቅልሎ ቤት ገባ። «ይኸው፣ አበቃ» አለኝና አልጋ ሥር ከተተው። አሸነፍኩ ብዬ ነበር። ግን እትዬ፣ ሰውየው ጠፋብኝ። ሬዲዮ አይፈታም፣ ማራገቢያ አይነካም። ከሥራ መጥቶ ግድግዳ ያያል። ስናገረው «እሺ» ይለኛል፣ ሁሉም ነገር እሺ ነው። ከሰው ነጥቄ ያመጣሁት ባል እቤቴ ተቀምጦ እንግዳ ሆነብኝ። እሷ ብትሆን ታስቀው ነበር እያልኩ ደግሞ በዚያም ቀናሁ።

አንድ እሑድ በሩ ተንኳኳ፤ ሂቦ ከአክስቷ ከወይዘሮ ዐስሊ ጋር ቆማለች። ኃይለየሱስ ቤት አልነበረም። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። አክስትየዋ ልጄን ተቀብለው አቀፉ፤ ሂቦ እኔን ፊት ለፊት እያየች «አባዮ» አለችኝ፤ በእነሱ እህቴ ማለት ነው። «ምን ይባላል ብዬ ብጠይቀው ወፌ አለኝ። ወፌ ማለት አንቺ መሆንሽን ማን ነገረኝ? ወላሂ ብሰማ እንኳን ካርቶን ላይ፣ በአፌም አልጠራውም ነበር።» ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «የእኔ ባል ጅግጅጋ ሌላ ሚስት አለችው። ስልኩ ሲጠራ እዚህ ጋ የሚነደውን አውቀዋለሁ» ብላ ደረቷን ነካች። «ይህን እሳት ሰው ቤት የምለኩስ ይመስልሻል? ባልሽን ደግሞ ምን ላድርገው? እንኳን ለባልነት ለሻጭነት አይሆንም። ደንበኛ ሲመጣ ‹ውሰዱት ግድ የለም› ይላል!»

ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ። ግን አልለቀቅኋትም፤ ታዲያ ምንድን ነው እንደዚያ የሚያስቃችሁ አልኳት። አክስቷን አየት አድርጋ «አንቺ ነሻ» አለች። ለካ ድሬ እንደመጣሁ የግመል ወተት ገዝቼ፣ ጭስ ጭስ ሲለኝ አሳረርሽው ብዬ ከሻጯ ጋር የተጣላሁትን ነው የሚነግራት። ወተቱ በታጠነ ዕቃ ስለሚቀመጥ ጣዕሙ እንደዚያ መሆኑን እኔ የደጋዋ በምን ልወቅ? ይህን ስትነግረኝ መረጋጋት ሲገባኝ ይባስ ነደድኩ። የራሴን ታሪክ በማልሰማው ቋንቋ ወስዶ አሳቀባት!

ብቻ ነገሩን እዚያው ጨረስነው። ስሙ ከካርቶኑ ይነሣ አልኩ፣ ሂቦም ተስማማች። አሁን «ሺምቢር» ይባላል፤ በሶማሊኛ ወፍ ማለት ነው። ያችው ወፍ ናት፣ እኔ ግን አይደለሁም። ሁለተኛው ቃሌ ደግሞ ከሰዓት በኋላ እኔም ሱቅ እቀመጣለሁ የሚል ነበር። ሂቦ ሳቀችና «እኔስ ሻጭ አይደል የቸገረኝ» አለች። ኃይለየሱስ ሲመጣ የተጠቀለለውን ማዳበሪያ ራሴ ከአልጋ ሥር ጎትቼ ሰጠሁት። እንዴት እንዳየኝ ልጽፍልሽ አልችልም።

ይኸው አሁን እሱ ከመጋዘን ሲወጣ ከጓዳ ይበይዳል፣ እኔና ሂቦ ከፊት እንሸጣለን። መሸጥ እችላለሁ እትዬ፣ አላውቅም ነበር። ከዚራ ሰፈር ያለ አንድ ፔንሲዮን ለየፎቁ አዘዘን። ከሁርሶ የመጣች የወታደር ሚስትም ለጎረቤቶቿ ጭምር ወስዳለች። ሶማሊኛውንም እየለቀምኩ ነው፤ ዋጋ መጥራትና «አይቀንስም» ማለት ችያለሁ። እነሱ ሲስቁ ግን ገና ግማሹ ያልፈኛል።

እውነቱን ከጠየቅሽኝ ቅናቱ አልለቀቀኝም። ድሮ ቤት ሆኜ ነበር የምቀናው፣ አሁን እዚያው ተቀምጬ እቀናለሁ፣ ልዩነቱ ይኸው ነው። ሰፈር ውስጥ ውሃ ሲመጣ ከየግቢው ያ ድምፅ ሲንጫጫ ይከፋኛል፤ ለእኔ ብቻ የተሠራ ነገር ነበራ። ለኃይለየሱስ ነገርኩት። ሌላ የተሻለ ልሥራልሽ አለኝ። «የተሻለ አልፈልግም፤ ከእኔ በቀር ማንም የማይፈልገው ነገር ሥራልኝ» አልኩት። ይኸው እያሰበ ነው፣ እስካሁን አላገኘውም። አንቺስ ምን ትያለሽ? ጋሽ ክፍሉ ከሌላ ሴት ጋር ሲስቅ አይተሽ ታውቂያለሽ? እንዴት አሳለፍሽው?

አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ጋሽ ክፍሉን አክብሬ ሰላም ብያለሁ። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝ፤ ትንሿን ግን ሁለት ጊዜ። ጎረቤትሽን የጋሽ ወልደጻድቅን ባለቤትም እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ኃይለየሱስ ሰላም ይልሻል። ሂቦም ለእህትሽ ሰላም በይልኝ ብላኛለች፤ ሰላም ብላለች፤ ከዚህ በላይ አላረዝምላትም።

እህትሽ ማርቲ

ድሬዳዋ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.