የተፋቀው የንጉሥ ስም

እህት ዓለም፣ ለማንም ያልነገርኩትን ለአንቺ ልጻፈው። እዚህ ተራራው ላይ ባለው ገዳም አንድ የጥንት የላቲን ትንቢት አየሁ። የሚመጣውን ንጉሥ በስሙ መጀመሪያ ፊደል ብቻ ይጠራዋል። ትንቢቱን የገለበጡት መነኮሳት በየዘመናቸው የነገሠውን ሰው ስም ጎኑ ላይ ሞልተዋል፤ እሱ ሲሞት ፍቀው ሌላ ይጽፋሉ። ብራናው እንደ እኛ ሰፈር አሮጌ መረብ ሳስቷል።

«መነኮሳቱ አያፍሩም ነበር?» አልኳቸው ብራናውን ያሳዩኝን አባ ቴባልዶን።

«ለምን ሲባል፣ ሲኞራ? ንጉሡ ሞተ እንጂ ትንቢቱ ደኅና ነው!» ብለው ሳቁ።

እኔ መሳቅ አቃተኝ። ባልሽ ባሕር ላይ የቀረ ጊዜ፣ ከዚያ አሮጌ የትንቢት መጽሐፍ «ሩጄሮ ይመለሳል» ብዬ አነበብኩልሽ። መጽሐፉ ላይ የነበረችው አንዲት «ሩ» ብቻ ናት፤ ልቅሶሽ ቢከብደኝ ስሙን የሞላሁት እኔ ነኝ።

ጋስፓሬ ዘንድሮም ላግባሽ ካለሽ፣ በእኔ ንባብ ምክንያት እንቢ አትበዪው። ወረቀቱ አለቀብኝ፤ እናትሽን ሳሚልኝ።

ይድረስ ለኦርሶላ፣ ወደብ ሰፈር።